ኬላው ላይ የሚኖር ሰው አለ

መተማን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። የሚያውቃት ግን ሰው የሞተባት ቦታ ብሎ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት፣ በስማቸውም መተማ ዮሐንስ የተባለች። ትምህርት ቤት የተማርነው ይህንን ነው፤ ፈተና ላይ የመጣውም ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ ስሟ በዜና የሚነሳው ወይ ኮንትሮባንድ ተያዘ፣ ወይ ድንበሩ ተዘጋ፣ ወይ ስደተኛ ገባ፣ ወይ መንገድ ላይ ሰው ታገተ ተብሎ ነው። እዚያ የሚኖር ሰው እንዳለ፣ ያ ሰው ጠዋት ተነስቶ ውሃ እንደሚፈልግ፣ ልጁን ትምህርት ቤት እንደሚልክ፣ ቀትር ላይ የሚያርፍበት ጥላ እንደሚያስፈልገው የሚያወራ ብዙም አልሰማሁም።

ዛሬ ስለዚያ ሰው ላውራ። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

አካባቢውን ለማታውቁት ባጭሩ፦ ከጎንደር ተነስታችሁ በአዘዞና በአይከል አድርጋችሁ ወደ ምዕራብ ስትወርዱ ደጋው ያልቅና ቆላው ይቀበላችኋል። ገንዳ ውሃ ትደርሳላችሁ፤ ድሮ ሸህዲ የምንላት፣ አሁን የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ። አስፋልቱን ይዛችሁ በኮኪት በኩል ስትቀጥሉ መተማ ዮሐንስ ላይ መንገዱ ያልቃል። ማለቴ ኢትዮጵያ ታልቃለች። ከድልድዩ ማዶ ገላባት ነው፤ ሱዳን። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ይህን የከፍታ ልዩነት ያዙልኝ፤ የምለው ነገር ግማሹ ከዚሁ የሚወጣ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነዚህ ቆላ ከተሞች በአንዱ አዲስ ፕላን ለሕዝብ ይቀርባል ተብሎ ተጠርተን ሄድን። አዳራሹ ቆርቆሮ ለብሶ ኮርኒስ የሌለው ነው። መብራት ስለጠፋ ማራገቢያው ቆሟል። ከደጋ የመጣው ባለሙያ ላቡን እየጠረገ ግድግዳ ላይ የሰቀለውን ካርታ ያስረዳል። ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ሐምራዊው ኢንዱስትሪ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቡና የሚያፈሉ አንድ እናት ከኋላ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ጥላው የቱ ጋ ነው?»

«አረንጓዴው ነው እማማ፤ ይኸውልዎ፣ እዚህም አለ፣ እዚህም አለ።»

«እሱማ ቀለም ነው የኔ ልጅ። ዛፉን የሚተክለው ማነው? ውሃ የሚያጠጣውስ?»

አዳራሹ ሳቀ። ባለሙያውም ሳቀ፤ ክፉ ሰው አልነበረም። መልስ ግን አልነበረውም። ቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው «ተሰብሳቢው ፕላኑን በአብላጫው ደግፏል» የሚል ነው ብለው ነግረውኛል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝቡ እንዲወያይበት ያዛል። ውይይቱ ተደርጓል፤ በሕጉ መሠረት የጎደለ ነገር የለም። የሴትየዋ ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

እኔ ጥያቄያቸውን ትቼው ልተኛ አልቻልኩም። ምክንያቱም ቀላል ይምሰል እንጂ የከተሞቻችንን ችግር ሁሉ ይዟል። መተማ ዮሐንስም ሆነች ገንዳ ውሃ የታቀዱት ለሚያልፍባቸው ነገር ነው። ለጭነት መኪናው፣ ለሰሊጡ፣ ለጉምሩኩ፣ ለወታደሩ፣ ለኤሌክትሪክ መስመሩ። ለሚኖርባቸው ሰው አልታቀዱም። ኬላ ናቸው፤ ኬላ ላይ ደግሞ ሰው ይፈተሻል እንጂ አይኖርም ተብሎ ይታሰባል።

ስለ ኤሌክትሪኩ ካነሳሁ ልጨርሰው። ከጎንደር ተነስቶ በሸህዲና በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ የሚገባ 230 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ኢትዮጵያ ለሱዳን ኃይል የምትሸጥበት ነው፤ ከተዘረጋ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለአገር ገቢ ነውና ተቃውሞ የለኝም። ግን አስቡት፤ ከቤታችሁ በላይ ለጎረቤት አገር የሚሻገር ኃይል እየተጓዘ እናንተ በሚያዝያ ሌሊት ማራገቢያ ቆሞባችሁ ልጆቻችሁን በካርቶን ስታራግቡ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረት ለእኛ ተረት አይደለም። የዞኑ ዋና ከተማ ስም ራሱ ገንዳ ውሃ ነው! ገንዳ ውሃ ውስጥ ውሃ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ይገዛል። ቧንቧው በሳምንት የሚመጣበት ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይሰለፋል። ስሙን የሰጧት ሰዎች ከብት የሚያጠጡበት ነገር ስለነበራቸው ይሆናል እላለሁ፤ እኛ ከከብቶቹም አነስን።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። መንግሥት ቆላው ሞቃት መሆኑን አያውቅም እንዳትሉ። በደንብ ያውቃል። የበረሃ አበል የሚባል ነገር አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ሙቀት በበዛበት ቦታ ሲመደብ ከደመወዙ ላይ በመቶኛ ታስቦ የሚጨመርለት። ይህ ማለት በፋይናንስ ሰነድ ላይ ሙቀታችን ተለክቷል፣ ተመዝግቧል፣ በጀት ተይዞለታል። በፕላን ሰነድ ላይ ግን የለም። የሚሠራው ትምህርት ቤት ደብረ ታቦር ላይ ከሚሠራው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጤና ኬላውም፣ ጽሕፈት ቤቱም እንደዚያው። ቆርቆሮ፣ ብሎኬት፣ ጠባብ መስኮት፣ በረንዳ የሌለው በር። ደጋ ላይ ያ መስኮት ብርድ እንዳይገባ ነው የጠበበው። እኛ ጋ የሚያስቀረው ነፋሱን ነው።

ቀደምት ቤቶቻችንን ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። የሣር ክዳን፣ በሽመል የተሠራ ግድግዳ፣ ደጅ ላይ ራኩባ። ራኩባ ለማታውቁት፣ ከአራት ቋሚ በላይ ሣር ወይም ሽመል የተጣለበት ዳስ ነው፤ ከሱዳን ጋር የምንጋራው ቃልም ቤትም። ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወደ ሣር ቤት እንመለስ ማለቴ አይደለም፤ እሳት አለ፣ ምስጥ አለ፣ ሣሩም እንደ ድሮው አይገኝም። ግን ዕውቀቱ ለምን ተጣለ? ሰፊ የጣሪያ ከንፈር፣ በረንዳ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች፣ ረጅሙ ግድግዳ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ እንዲያይ የተደረገ ቤት። ይህን ለማድረግ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አያስፈልግም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል የሚጠይቀው የቤቱ ዲዛይን ከመንገዱ ስንት ሜትር እንደራቀ ነው። ለቆላ ተብሎ የወጣ አንድ ገጽ መመሪያ ቢኖር ኖሮ በየዓመቱ የሚሠራው ቤት ሁሉ ትንሽ ይቀዘቅዝ ነበር።

አረንጓዴው ቀለም የት እንደሚሄድም ልንገራችሁ። የአገራችን የከተማ ፕላን መርህ ከመሬቱ 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን ይላል። ቆንጆ መርህ ነው። ካርታው ላይም ይሣላል። እኔ በዓይኔ አረንጓዴ ሆኖ ያየሁት ቦታ ከሦስት ዓመት በኋላ የቆርቆሮ ሱቅ ተደርድሮበት አግኝቼዋለሁ። ሌባ ሰረቀው ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ሌብነትም አለበት። ነገር ግን ከሌብነቱ በታች ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ካላየን ሹም ቢቀየር ሱቁ አይነሳም።

መተማ ዮሐንስ የጉምሩክ ከተማ ናት። በጥሩው ጊዜ በየቀኑ ስንት ዕቃ ይገባል፣ ስንት ይወጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 የገቢና ወጪ ንግድ ቀረጥን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ትክክል ነው፤ የትም አገር እንደዚያ ነው። ለከተማዋ የሚቀረው ግን ምንድን ነው? አቧራው፣ የመኪናው ጭስ፣ በአስፋልቱ ግራና ቀኝ የሚቆም ከባድ መኪና፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሰው ቆሻሻ። ማዘጋጃ ቤቱ የሚኖረው በሱቅ ኪራይ፣ በአገልግሎት ክፍያና በመሬት ነው። ደመወዝ መክፈል ሲያቅተው ሊሸጠው የሚችለው ነገር መሬት ብቻ ነው። ካርታው ላይ ደግሞ ማንም ያልሰፈረበት፣ ካሳ የማይጠየቅበት መሬት አረንጓዴው ነው። ስለዚህ መናፈሻው ሱቅ ይሆናል። ቀረጡ ወደ ላይ ሲሄድ ጥላችን አብሮ ይሄዳል ማለት ነው።

ድንበሩ ሲዘጋ ደግሞ ይብሳል። በ2013 የአል ፋሽቃ ጉዳይ ሲነሳ፣ በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ፣ ከዚያም በክልላችን ግጭቱ ሲመጣ፣ በሁሉም ገበያው ታመመ። የኬላ ከተማ ኬላው ሲቆም ምንም የላትም። እንደ ከተማ የሚያኖራት ነገር አልተሠራላትማ።

ስለ ሕዝብ ቁጥሩ ደግሞ ጉዱን ስሙ። ባለሙያው ፕላኑን የሚሠራው ስንት ሰው እንደሚኖር ገምቶ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ነው። ያኔ የመተማ ወረዳ ሕዝብ 110 ሺህ ገደማ ተብሎ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ሰሜን ጎንደር ለሦስት ተከፍሎ ምዕራብ ጎንደር ዞን ሆነ፤ ገንዳ ውሃ የዞን ከተማ ሆና መሥሪያ ቤትና ሠራተኛ መጣባት። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በመተማ በኩል ገቡ፤ ኩመርና አውላላ መጠለያ ተሠራ። በራሳችን ግጭት የተፈናቀለውም አለ። ቆጠራው ግን እዚያው 1999 ላይ ቆሟል፤ ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀርቷል።

ከሁሉም በላይ ጨርሶ የማይቆጠረው የቀን ሠራተኛው ነው። ክረምት ሲገባ ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋው በአሥር ሺዎች ይወርዳል። መኪናው የሚያራግፈው ከተማችን ላይ ነው። ባለሀብቱ እስኪመጣና እስኪወስደው ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት መናኸሪያው ዙሪያ ያድራል። መጸዳጃ የለውም። ውሃ የለውም። የሚተኛው ካርቶን ላይ ነው። ከደጋ ስለመጣ ወባን ሰውነቱ አያውቃትም። የእኛ ሰው ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ ከተማውን የሚያቆሽሸው እሱ ነው ብሎ ያማርራል። ከተማው የቆመው በእሱ ጉልበት መሆኑን እንረሳለን። በየዓመቱ፣ በታወቀ ወር፣ በታወቀ መንገድ የሚመጣን ሰው «ድንገተኛ» ብሎ መጥራት ምን ይባላል? መናኸሪያው አጠገብ ሰፊ ዳስ፣ መጸዳጃና የውሃ ቦኖ በፕላን ላይ ቢቀመጥ የማንን ሕልም ያፈርሳል?

በሽታውን ካነሳን አፈሩንም እናንሳ። ቆላችን ዋልካ ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ላይ ይነፋና ጭቃ ይሆናል። መንገዱን ያነሳዋል፣ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፣ የውሃ መውረጃ ቦዩን ያጣምመዋል። ዋልካ ላይ መሠረት ሲጣል አፈሩ ወጥቶ በሌላ አፈር መተካት እንዳለበት ማንኛውም መሐንዲስ ያውቃል። ወጪ ስላለው ይዘለላል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቦዩ ይፈርስና ውሃው ይቆማል። የቆመ ውሃ ወባ ነው። በ2015 መጨረሻ ኮሌራ በመተማና በኩመር መጠለያ ሲነሳ ሁሉም ሰው ስደተኛው አመጣው አለ። ኮሌራ የሚኖረው ግን ውሃና መጸዳጃ በሌለበት ነው፤ ያን ደግሞ ስደተኛው ሲመጣ ነው ያገኘው።

ካላ አዛርም አለ፤ የቆላው በሽታ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካው ስንጥቅና በግራር አካባቢ ትገኛለች፤ ግራር ሥር የሚያድረው የቀን ሠራተኛ ለዚያ ነው ብዙ ጊዜ የሚያዘው። ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ዛፍ ትከሉ ስል ያገኛችሁትን ትከሉ ማለቴ አይደለም። የትኛው ዛፍ፣ ከሰው መኝታ ምን ያህል ርቆ፣ በምን ውሃ የሚለውን ከጤና ባለሙያ ጋር ተቀምጦ መወሰን ያስፈልጋል። ኒም አለ፤ ሙቀቱን የሚችል፣ በትንሽ ውሃ የሚቆም፣ ሱዳንም እኛም የምናውቀው። ለዚህ ነው ጥላ የፕላን ሥራ ነው የምለው። በዘመቻ አንድ ቀን ችግኝ ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ቆላ ላይ አይሠራም፤ ክረምቱ አልፎ ጥር ሲመጣ ችግኙ ማገዶ ነው።

«ቆላ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚሉኝ አሉ። ለነሱ ድሬዳዋን ልጥራ። ድሬዳዋም ቆላ ናት፤ ድሬዳዋም የማለፊያ ከተማ ሆና ነው የተወለደችው። በ1895 ዓ.ም ባቡሩ እዚያ ሲደርስ የተቆረቆረች ጣቢያ ናት። ሆኖም ከዚራ የሚባለውን ሰፈር ያቀዱት ሰዎች የባቡር ኩባንያው ሠራተኛ እዚያ እንደሚኖር ያውቁ ነበር። ስለዚህ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ፣ በግራና በቀኝ ዛፍ፣ በረንዳ ያለው ቤት ሠሩ። ዛሬም ከዚራ ውስጥ በቀትር በጥላ ሥር መሄድ ይቻላል። በርግጥ ያንን የሠሩት በመጀመሪያ ለፈረንጆቹ ነው፤ ሌላው ሰው ደቻቱ ወንዝ ዳር ሰፈረ፤ ደቻቱ በሐምሌ 1998 ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በላ። እንግዲህ አንድ ከተማ ውስጥ የታሰበለትና ያልታሰበለት ሰፈር ምን እንደሚመስል ድሬዳዋ ሁለቱንም ታሳያለች። ሙቀቱ አንድ ነው። ልዩነቱ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ መኖርና አለመኖሩ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የኮሪደር ልማት ዘመን ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው ጎንደርንም፣ ባሕር ዳርንም፣ ደሴንም ደርሷል። ነገ ቆላ ይወርዳል፤ መውረዱ አይቀርም። ከወዲሁ ልለምን፦ ዘንባባ አታምጡብን። ዘንባባ ለፎቶ ነው፤ ጥላው የአንድ ሰው ትከሻ አይሸፍንም። ሰፊ የሲሚንቶ ንጣፍም አታምጡብን፤ ቀን የዋጠውን ሙቀት ሌሊት ፊታችን ላይ ነው የሚተፋው። የሌሊት መብራቱ መልካም ነው፤ ግን መጀመሪያ የቤቱ መብራት አይጥፋ። እኛ የምንፈልገው ኮሪደር ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ጤና ተቋሙ፣ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በሰባት ሰዓት በእግሯ ሳትዞርባት የምትሄድበት መንገድ ነው። ዛፍ ባይደርስ እንኳ ራኩባ ይበቃል። ሽመል አለን፣ ገመድ አለን፣ የሚሠራ ሰውም አለን።

ከድልድዩ ማዶ ያለውን ልማድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሱዳኖች ደጃቸው ላይ፣ ጥላ ሥር ዚር ያስቀምጣሉ፤ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ እንስራ። አላፊ አግዳሚው ጠጥቶ ይሄዳል፤ ማንም አይከፍልም፣ ማንም አይጠይቀውም። ያንን ልማድ ያቆየው ፕላን አይደለም፤ ቆላ ላይ አንድ ሰው ውሃ ሳያገኝ ስንት ሰዓት መራመድ እንደሚችል የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የእኛ ከተሞች በየመንገዱ አንድ የሚጠጣ ነገር የላቸውም፤ የታሸገ ውሃ ካልገዛህ በቀር።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ በሐቅ የሚነሳ ስለሆነ ልዘለው አልፈልግም። «ሰላም በሌለበት ስለ ዛፍና ስለ ቦይ ታወራለህ? ሪፈር የተጻፈላት እናት ጎንደር መድረስ አቅቷት፣ በዚህ መንገድ ላይ ስንት ሰው ታግቶ፣ ስንቱ ቤቱን ሸጦ ቤተሰቡን አስለቅቆ?» እውነት ነው። መንገዱ ካልተከፈተ የምጽፈው ሁሉ ትርፍ ነው፤ ይህን የማያውቅ ቆላ የኖረ ሰው የለም። የእኔም ቤት አልቀረላትም።

ነገር ግን ሰላም በነበረበት ጊዜስ? የሰሊጥ ዋጋ ጣሪያ የነካባቸውን ዓመታት አስታውሱ። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ለአገሪቱ ብዙ ዶላር ካመጡ የግብርና ምርቶች አንዱ ሆኖ በኖረባቸው ዓመታት ከነዚህ ማሳዎች ስንት ኩንታል ወጣ? ያ ብር ጎንደር ላይ ፎቅ ሆነ፣ ባሕር ዳር ላይ ሆቴል ሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ቤት ሆነ። ቆላው ላይ የቀረው መጋዘን ነው። ባለሀብቱን አልወቅስም፤ ልጁን የሚያሳድገው ሌላ ቦታ ነው፣ ሚስቱ የምትኖረው ሌላ ቦታ ነው። መምህሩም የሚቆጥረው ዝውውሩን ነው፤ ነርሷም እንደዚያው። ሹሙም ሁለት ዓመት ቆይቶ ደጋ ሊመለስ ነው። ከተማዋ ላይ የሚወስነው ሰው በሙሉ አላፊ ሲሆን ከተማዋ ለአላፊ መሠራቷ ምን ይገርማል? ስለዚህ ሰላሙ ሲመጣ፣ ይምጣ፣ ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል የሚለውን አልቀበልም። በሰላሙም ጊዜ አልተስተካከለም።

ታሪኩን ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መተማ ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ቡና፣ ሰም፣ ከብት፣ ይቅር ይበለን ሰውም የሚሸጥባት። ገበያዋን ይዘው ያስተዳድሯት የነበሩት ታክሩሮች ናቸው፤ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነስተው በመንገድ ላይ እዚያው የቀሩ ሰዎች ልጆች። ዛሬ የሚኖርባትም ሰው ያው ነው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ የመጣ አለ፣ በ1995 እና በ1996 በሰፈራ የመጣ አለ፣ ለአጨዳ ወርዶ አግብቶ የቀረ አለ፣ ከድርቅ ሸሽቶ የመጣ አለ። ሊያልፍ መጥቶ የቀረ። ቤት ሠርቷል፣ ልጅ ወልዷል፣ ሬሳ ቀብሯል። አላፊ መሆን ካቆመ ቆይቷል፤ ፕላኑ ግን አሁንም እንደ አላፊ ነው የሚያየው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከጉምሩኩ ገቢ ላይ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ለኬላ ከተሞች ውሃና ቦይ ተብሎ በሕግ ይመደብ፤ መተማን ብቻ አይደለም፣ ሞያሌም ቶጎ ውጫሌም ይህንኑ የሚሉ ይመስለኛል። ካርታው ላይ አረንጓዴ የተቀባው መሬት በማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ ብቻ እንዳይሸጥ ይታገድ። ለቆላ የተዘጋጀ የቤትና የትምህርት ቤት ዲዛይን ይውጣ። ከባድ መኪናው ከመሀል ከተማ ወጥቶ የሚቆምበት ቦታ ይኑረው። እንደ አፋርና ጋምቤላ ያሉ ክልሎች የሥራ ሰዓታቸውን ከሙቀቱ ጋር ያስማሙትን ያህል የእኛም ክልል ቆላ እንዳለው ያስታውስ።

እና አንድ ነገር፣ ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ቀጣዩን የፕላን ውይይት በሚያዝያ አድርጉት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። አዳራሽ አያስፈልግም፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ካርታውን እዚያ ስቀሉትና እማማ ጥያቄያቸውን ደግመው ይጠይቁ።